የመኪና ኩላንት ሲጎድል፦ ፍሳሹን ፈልጌ ያገኘሁበት መንገድ

የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ በተለምዶ ኩላንት የምንለው፣ እንደ ቤንዚን እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከራዲያተር ወደ ሞተር፣ ከሞተር ተመልሶ ወደ ራዲያተር በዝግ መስመር ውስጥ የሚዞር በመሆኑ፣ ጤነኛ መኪና ላይ መጠኑ ለወራት ያህል እዚያው አካባቢ መቆየት ይኖርበታል። ስለዚህ በመጠባበቂያው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በየጊዜው ከታችኛው መስመር በታች የሚወርድ ከሆነ፣ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ባይታይም እንኳ፣ ፈሳሹ በአንድ በኩል እየወጣ ነው። ይህን የምጽፈው ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተር የሆነችው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላዬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህንኑ ችግር ባሳየችኝ ጊዜ የተማርኩት ነገር፣ በተመሳሳይ ችግር ላይ ላለ ባለ መኪና ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ነው።

የመኪናዬ ምልክት የማያስደነግጥ ዓይነት ነበር። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሃል ላይ ይቆማል፣ ከምታድርበት ቦታ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሞተሩ ድምፁ አልተለወጠም፤ ሆኖም የሞላሁት ኩላንት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይጎድላል። ያማከርኳቸው ሰዎች የሰጡኝ መልስ እንደየሰዉ የተለያየ ነበር። አንደኛው ራዲያተሩ ይቀየር አለ፤ ሌላው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ካልተከፈተ አይታወቅም አለ፤ ሦስተኛው ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የኩላንቱን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቼ ልጣልልህ አለ። አንድ ወጣት መካኒክ ደግሞ «ጋሼ፣ መኪናዋ ውሃ ትጠጣለች እንጂ ሌላ ችግር የለባትም፤ እየጨመሩ መንዳት ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እያንዳንዱ ምክር ለሆነ መኪና ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሁሉም ጉድለት ግን አንድ ነው፤ ፈሳሹ በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ የተሰጠ መሆኑ ነው። ስለዚህ የወጪው ቦታ በዓይን ካልታየ ወይም በመለኪያ ካልተረጋገጠ በቀር ምንም ዕቃ ላለመቀየር ወሰንኩ።

ፍለጋውን ለመረዳት አስቀድሞ ግፊት የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ በተለይ እንደኛ ባለ ደጋ አገር። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ እዚህ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የባቄላ ንፍሮ እዚህ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ መኪኖች ላይ ቴርሞስታቱ መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ የራዲያተሩ ኤሌክትሪክ ማራገቢያ የሚነሳው ደግሞ ሙቀቱ 90ዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይህ ማለት መስመሩ ውስጥ ምንም ግፊት ባይኖር ኖሮ፣ በአዲስ አበባ ተራ ውሃ የሞላ መኪና ማራገቢያው ገና ሳይነሳ ሊፈላ ይችል ነበር ማለት ነው።

ይህ እንዳይሆን የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ ስንት ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ግፊት እንደሚይዝ የሚናገር ነው። የኔዋ መኪና ክዳን 1.1 ስለሆነ፣ ጤነኛ ሲሆን በአዲስ አበባ ከፍታ የውሃውን የመፍያ ነጥብ ወደ 117 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ግማሹ ኤትሊን ግላይኮል (የኩላንት ዋናው ኬሚካል) የሆነ ትክክለኛ ኩላንት ሲሞላ ደግሞ በዚያ ላይ ጥቂት ዲግሪዎች ይጨመራሉ። እንግዲህ ፍሳሽ ማለት የፈሳሽ መጉደል ብቻ አይደለም፤ የግፊት መጉደልም ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ ሲደክም ወይም አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ግፊቱን ስታሳልፍ፣ ገና ብዙ ፈሳሽ ሳይጠፋ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል።

መሬት ላይ ጠብታ የማይታየውም ለምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር መስመሩ ውስጥ ግፊት ስለሌለ ትንሿ ቀዳዳ ምንም ላታወጣ ትችላለች፤ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ግፊቱ ፈሳሹን ይገፋዋል፣ ያም የጋለ ብረት ላይ አርፎ ወዲያው ይተናል። የሚቀረው ማስረጃ ደረቅ ዱካ ብቻ ነው፤ እንደ ኩላንቱ ቀለም ሐምራዊ፣ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ቅርፊት። ተራ ውሃ ብቻ የሚሞላ መኪና ላይ ይህ ዱካ ወይ የዝገት ቀለም ይይዛል ወይ ጭራሹን አይገኝም። ለዚህ ነው እያፈሰሰ ያለ መኪና ላይ ውሃ ብቻ መሙላት ፍለጋውን የሚያከብደው።

ፍለጋውን የጀመርኩት ጠዋት፣ ሞተሩ በደንብ በቀዘቀዘበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ መጠባበቂያው ላይ ፈሳሹ የደረሰበትን በማርከር ምልክት አደረግሁ፤ ማታ ሳቆማት ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አነጠፍኩ። ካርቶኑ ላይ ነገር ከተገኘ ቀለሙንና ጠባዩን መመርመር ይገባል። ኩላንት ቀለም ያለው፣ በጣት ሲነካ ትንሽ የሚያንሸራትት፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው። የሞተር ዘይት ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀይ ቢሆንም ቅባትነቱ ያስታውቃል። ቀለምም ሽታም የሌለው ንጹሕ ውሃ በተሳፋሪው በኩል ከተንጠባጠበ ግን ከአየር ማቀዝቀዣው የሚወጣ ጤዛ ስለሆነ የሚያሳስብ አይደለም። ኩላንትን ቀምሶ ለመለየት መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ኮፋኖውን ከፍቼ በባትሪ መብራት የቱቦዎቹን ጫፎችና የብረት ማሰሪያዎቻቸውን፣ የራዲያተሩን አሉሚኒየምና ፕላስቲክ የሚገናኙበትን ዙሪያ፣ የክዳኑን አንገት፣ የቴርሞስታቱን ቤት፣ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገቡትን የማሞቂያ ቱቦዎች፣ በመጨረሻም የውሃ ፓምፑን አካባቢ አየሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይጠቅማል። ማራገቢያውና የሚሽከረከረው ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ጠብታውን ስለሚበትኑት፣ እርጥበት የታየበት ቦታ ሁሉ መነሻው ነው ማለት አይደለም፤ ከዱካው ሁሉ ከፍ ያለውን ቦታ መፈለግ ነው የሚሻለው። የኔው ዱካ የነበረው ከቺንጋው ጀርባ፣ ከፓምፑ ሥር ነበር፤ ደርቆ የተጋገረ ሐምራዊ ቅርፊት።

ዱካው ብቻ በቂ ነው ብዬ አልተውኩትም፤ የግፊት መሞከሪያ ወዳለው ጋራዥ ሄድኩ። መሞከሪያው ቀላል መሣሪያ ነው፤ በራዲያተሩ ክዳን ቦታ የሚገጠም፣ የግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ግፊት ድረስ ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ በላይ ከተነፋ ጤነኛ የሆነውን ዕቃ ሊሰነጥቅ ይችላል። ከዚያም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መርፌውን መጠበቅ ነው። መርፌው ካልወረደ ውጫዊ ፍሳሽ የለም ወይም የሚያፈሰው ሲሞቅ ብቻ ነው፤ ከወረደ ደግሞ ሞተሩ ስላልተነሳና ምንም ነገር ስላልጋለ፣ የሚወጣው ፈሳሽ ሳይተን በዓይን ይታያል። የኔዋ መርፌ ቀስ እያለ ወረደ፤ ከፓምፑ ሆድ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳም ፈሳሽ መንጠብ ጀመረ። ከፍተኛ ዋጋ የማያስወጣው ይህ ሙከራ የራዲያተር መቀየርንም ሆነ የቴስታታ መክፈትን ወጪ አስቀረልኝ።

ስለዚያች ቀዳዳ አንድ ቃል ልበል። ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራት ናት፤ የፓምፑ ውስጠኛ ማሸጊያ ሲያልቅ ፈሳሹ ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሳይገባ በእሷ በኩል ወጥቶ ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ነው። በማጣበቂያ የሚደፍኗት አሉ፤ ይህ ግን ማስጠንቀቂያውን ያጠፋል፣ ኩሽኔታውንም ያበላሻል። ፓምፑ ከአዲስ ማሸጊያ ጋር ተቀየረ፤ ቺንጋውም ኩላንት ሲረጭበት ስለቆየ አብሮ ወጣ። ፓምፓቸው በታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ቫልቮች ሥራ በሚያቀናጀው ቀበቶ) የሚዞር ሞተሮች ያሏቸው ሰዎች ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቢቀይሩ ይመከራል፤ የጉልበት ዋጋው አንድ ነውና።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ፓምፑ ከተቀየረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በራዲያተሩ ላይኛው የፕላስቲክ ክፍል ጥግ ላይ እርጥበት ታየ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው መካኒኩ አንድ ነገር አበላሽቷል ብሎ ይጣላል፤ እኔ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም። ግፊቱ በአንድ ደካማ ቦታ ሲያመልጥ ሌሎቹን ደካማ ቦታዎች አያስጨንቃቸውም፤ ያ ሲጠገን መስመሩ ሙሉ ግፊቱን ስለሚይዝ ቀጣዩ ደካማ ቦታ ራሱን ያሳያል። በእድሜ የገፋ መኪና ላይ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ጥገና በኋላ የግፊት ሙከራው እንዲደገም መጠየቅ ይገባል።

የድሮዎቹ የመዳብና የናስ ራዲያተሮች ይበየዱ ነበር፤ የዛሬዎቹ የአሉሚኒየም መሃልና የፕላስቲክ ጫፍ ያላቸው ስለሆኑ ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ብየዳ አይሠራም፤ ማጣበቂያም ቢበዛ እስከ ጋራዥ ያደርሳል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ራዲያተር መግዛት የተለመደ ነው፤ የሚገዛ ሰው ግን በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ አይቶ ቡናማ ዝቃጭ አለመኖሩን፣ ስስ ክንፎቹ አለመተኛታቸውን ያረጋግጥ፤ ከተቻለ ከመገጠሙ በፊት በግፊት ይሞከር። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣቸው ራዲያተሩ ውስጥ ነው፤ እሱ ከውስጥ ሲያፈስ ዘይቱና ኩላንቱ ተቀላቅለው ወተት የገባበት የእንጆሪ ጭማቂ የመሰለ ነገር ይሆናሉ። ያ ከታየ መኪናውን አለማንቀሳቀስ ነው፤ ካምቢዮው ራሱ አደጋ ላይ ነውና።

ቀዳዳ ይደፍናሉ ተብለው ስለሚሸጡት ዱቄቶችና ፈሳሾች ያለኝ አስተያየት ጠበቅ ያለ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር የራዲያተሩንና የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም ሊደፍን ይችላል፤ ገጠር መንገድ ላይ ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰው ካልሆነ በቀር አልመክረውም። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልና ማራገቢያውን ዳይሬክት ማድረግም (ሳያቋርጥ እንዲዞር በቀጥታ ማገናኘት) ከፍሳሽ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ብርድ ተገቢው ሙቀት ላይ ሳይደርስ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፣ ቶሎም ያልቃል።

ብዙ ባለ መኪናዎች ከሁሉ የሚፈሩት የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) መቃጠልን ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ምልክቶቹን አንድ በአንድ መመዘን ያስፈልጋል። ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ነጭ እንፋሎት በአዲስ አበባ ብርድ የተለመደ ነው፤ አሳሳቢ የሚሆነው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላም ሳይቆም ጣፋጭ ሽታ ይዞ ሲቀጥል ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ክሬም መሰል ነገርም አጫጭር ጉዞ ብቻ የሚያደርግ መኪና ላይ ከእርጥበት ሊመጣ ይችላል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘበት በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ሆኖ ከጠጠረ፣ ወይም መጠባበቂያው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ኩላንቱ እየገባ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህንንም ሳይከፍቱ ማረጋገጥ ይቻላል፦ በራዲያተሩ አንገት ላይ የሚደረግ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ መሞከሪያ አለ፤ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቴስታታ ይከፈት የሚል መካኒክ ሲያጋጥም ይህ ሙከራ መጀመሪያ ይደረግ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሲያፈስ ደግሞ ምልክቱ መኪናው ውስጥ ነው፤ የተሳፋሪው ምንጣፍ ይርሳል፣ የፊት መስታወቱ የሚያንሸራትት ጉም ይይዛል፣ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። በክረምት ወራት መስታወት ሁሉ ጉም ስለሚይዝ ይህን ማሳት ቀላል ነው።

የራዲያተር ክዳንን በተመለከተ፣ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ሆኖ ሳለ ከሁሉ የተረሳው እሱ ነው። ክዳኑ ሁለት ሥራ አለው፤ ሲሞቅ የበዛውን ፈሳሽ ወደ መጠባበቂያው ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስበዋል። መጠባበቂያው እየሞላ ራዲያተሩ ግን እየጎደለ ከሄደ፣ ወይም ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ቱቦ ተመጥጦ ከተጣበቀ፣ ክዳኑን መጠርጠር ነው። ሲቀየር ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ከፍ ያለ ቁጥር ማድረግ ጥንካሬ አይደለም፣ አሮጌ ቱቦ ማፈንዳት ነው።

አገራችን በሞተር ውስጥ ያለን ውሃ በረዶ የሚያደርግ ውርጭ እምብዛም የለባትምና ውሃ ይበቃል የሚሉ አሉ። ኩላንት ግን በረዶ ከመሆን መከላከል ብቻ አይደለም ሥራው፤ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥብን ከፍ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ በውስጡ ያለው ማዕድን በጋለ ብረት ላይ ይጋገራል፤ ስለዚህ ወፍራም ኩላንት የሚበርዘው ሰው የተጣራ ውሃ፣ ማለትም ለባትሪ የሚሸጠውን ዓይነት፣ ግማሽ በግማሽ ይጠቀም። ዝግጁ ተብሎ የተሸጠ ኩላንት ግን ተጨማሪ ውሃ አይፈልግም። ቶዮታ ቀዩን ኩላንት በየ40,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ሐምራዊውን ደግሞ መጀመሪያ በ160,000፣ ከዚያ በየ80,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ያዛል። ቀለም ግን የአምራች ምርጫ እንጂ ደረጃ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ «ቀይ ስጠኝ» ከማለት ይልቅ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቦ ዓይነቱን መጠየቅ ይሻላል።

ቅምሻን በተመለከተ ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ኤትሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ጥቂቱ እንኳ ኩላሊትን አበላሽቶ ሕፃንን ወይም ውሻን ይገድላል። እኛ ዘንድ የተረፈን ኩላንት በባዶ ሃይላንድ መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ሐምራዊው ኩላንት በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ከጭማቂ አይለይም። በራሱ ዕቃ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ መሬት ላይ የፈሰሰውም ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የሚረሳው ነገር አየር ማስወጣት ነው። የኔዋ መኪና 6 ሊትር ገደማ ትይዛለች፤ የገባው ከዚያ በጣም ካነሰ ውስጡ አየር ታምቋል። በቀዝቃዛ ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ፣ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ሙሉ ሙቅ ላይ ተደርጎ፣ ቀስ እየተሞላ ሞተሩ ይነሳል፤ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ድረስ ፈሳሹ በጎደለ ቁጥር ይጨመራል። ከዚያ ክዳኑ ተዘግቶ ተነድቶ፣ በማግሥቱ በብርዱ ደረጃው እንደገና ይታያል። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ውሃ የሚንቆረቆር ድምፅ ከተሰማ አየሩ አልወጣም።

መንገድ ላይ ለሚሞቅባችሁ፦ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ሞተሩ አይቸገርም፤ ፈተናው ከድልድዩ ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነፋስ ሳያገኝ፣ በቆላ ሙቀት ይወጣል፤ ከተማ ውስጥ ያልታየ ትንሽ ፍሳሽ እዚያ ይገለጣል። መርፌው መውጣት ሲጀምር አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ ማሞቂያውን ሙሉ ለሙሉ ክፈቱ፤ ሙቀቱን በከፊል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ግን ኩላንቱ አልቋል ማለት ሊሆን ይችላልና መርፌውን አትመኑ፤ የሙቀት መለኪያው ሴንሰር ፈሳሽ ውስጥ ካልተነከረ መርፌው ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። እንደ ቪትዝ ያሉ ብዙ መኪኖች ደግሞ ጭራሹን መርፌ የላቸውም፤ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው፤ ቀዩ ሲበራ ጊዜው ረፍዷል፣ ቆማችሁ ሞተሩን አጥፉ።

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ፣ የላይኛው ቱቦ በጨርቅ ሲነካ ሲለሰልስ፣ ወፍራም ጨርቅ ደርባችሁ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩት፤ መተንፈሱን ሲጨርስ ይከፈታል። ውሃም ቀስ ተብሎ ይጨመር፤ በጋለ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ቴስታታ ይሰነጥቃል። አንዳንድ ሾፌሮች ፍሳሹ እንዲቀንስ ክዳኑን ላላ አድርገው ይነዳሉ፤ ዘዴው ፍሳሹን መቀነሱ እውነት ነው፣ ነገር ግን በደጋ መንገድ ላይ ግፊት የሌለው ውሃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ አጭር ርቀት በቀስታ ለመሄድ ካልሆነ አያዋጣም። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ከደረሰ ደግሞ መርፌው ቀይ ላይ ምን ያህል እንደቆየ ለመካኒኩ በትክክል ንገሩት፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ በሙቀት ይጣመማልና፣ ወርዶ ከሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን ከመደረጉ በፊት ገጹ ቀጥ ማለቱ በመለኪያ መታየት አለበት።